የታላቅየዋ ቦታ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤም ቢሆን። ስምንተኛ ክፍል ሳለን የአማርኛ መምህራችን ስለ ክረምት አንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ ብሎን ነበር፤ እኔ ግማሽ ገጽ ጽፌ የቀረውን ፊደሉን እያሰፋሁ ሞላሁት። ከዚያ ወዲህ እጄ እስክሪብቶ የሚይዘው ጠዋት ሥራ ስገባ ስፈርም ነው። ሰው ፊት ማውራት ስለሚከብደኝ ይህን በወረቀት ልሞክረው አልኩ። ብሳሳት ታገሡኝ።

የምሠራው እንጅባራ ውስጥ የእጅ ሙያ በሚያስተምር አንድ ማሠልጠኛ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ከተማውን አሁንም ቆሰበር ነው የሚሉት፤ እኔም ከጥሊሊ ስመጣ ለሚኒባሱ ረዳት ቆሰበር ብዬ ነው የምከፍለው። ሥራዬ ጽዳትና ተላላኪነት ነው። ማሠልጠኛው ስፌት፣ ምግብ ዝግጅትና የፀጉር ሥራ ያስተምራል። የሚማሩት ከገጠር የመጡ፣ ስምንተኛን ጨርሰው መቀጠል ያልቻሉ ልጆች ናቸው። የትምህርቱንና የቤት ኪራያቸውን የሚከፍልላቸው አንድ ረጂ ድርጅት ነው።

እኔም እንደነሱ ስምንተኛን ጨርሼ መቀጠል ካልቻሉት ነኝ። ለስፌት ልመዘገብ ስመጣ ግን ቦታው ሞልቶ ነበር። ፋይሌን ከተጠባባቂዎች ጋር አስቀመጡት። በዚያው ሰሞን የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጉ ነበርና፣ ከበሩ ላይ ገና ስላልሄድኩ እኔን ቀጠሩኝ። ልማር የመጣሁበትን ክፍል መጥረግ ጀመርኩ።

ከዚያ መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክ የሚጠፋበት ጊዜ መጣ። ድርጅቱ ገንዘብ መላክ አቆመ። ልጆቹ አንድ በአንድ ዕቃቸውን እየጫኑ ወደየአገራቸው ሄዱ። ግቢው ውስጥ የቀረነው ዘበኛው፣ የመዝገብ ቤቷ ኃላፊና እኔ ነበርን። ማንም በማይገባበት ክፍል ውስጥ አቧራ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ እኔ ግን ስጠርገው ከረምኩ።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ገንዘቡ ተመልሷል ተባለ። ያቋረጡት ልጆች ተፈልገው ይመለሱ፣ የማይመለሱት ደግሞ በሌላ ይተኩ የሚል ትእዛዝ መጣ። የመዝገብ ቤቷን ኃላፊ እትዬ ነው የምላቸው። ጡረታቸው የተቃረበ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። የመጡት ከዓባይ አፋፍ ከምሥራቅ በኩል ስለሆነ አገውኛ አያውቁም። የልጆቹ ወላጆች ደግሞ አብዛኞቹ አማርኛ የሚናገሩት ለገበያ ያህል ነው። ስለዚህ እኔን ጠሩኝ።

መጀመሪያ ፋይሎቹን ማድረቅ ነበረብን። የቆሰበር ጉም በግድግዳ ውስጥ ያልፋል፤ ወረቀቱ ሁሉ እርጥብ እንጀራ መስሎ ነበር። ፎቶዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ፀሐይ ብቅ ስትል ፋይሎቹን በረንዳው ላይ ባሉት አግዳሚዎች እዘረጋለሁ፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በላያቸው ድንጋይ አኖራለሁ፣ ደመና ሲመጣ እሰበስባለሁ። ቀኑን ሙሉ እህል የማሰጣ እንጂ ቢሮ የምሠራ አልመስልም ነበር።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ቁጥሩን ከፋይሉ ላይ አይቶ መደወል፣ ልጅቷ ትመለሳለች ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ ግን ዘመድ ፊት እንኳ ድምፄ የማይወጣ ሰው ነኝ።

"እርስዎ ይደውሉ እትዬ፤ እኔ አጠገብዎ ሆኜ ልንገርዎ" አልኳቸው።

"እኔ ደውዬ ምን ልበላቸው? ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ኖሬ የማውቀው አገውኛ ሰላምታ ብቻ ነው። እሱንም ስለው ሰው ይስቅብኛል" አሉና ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጡት።

በእኛ ዘንድ ሰላምታ በስልክም ቢሆን በአንድ ቃል አያልቅም። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ድንቹን ስለያዘው በሽታ ይጠየቃል። ከዚያ የማን ልጅ ነሽ ይባላል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳልናገር ስለ ልጃቸው የሚነግረኝ አልነበረም። ከተናገርኩ በኋላ ደግሞ በእናቴ ወይም በአባቴ በኩል የሚያውቁትን ሰው መፈለግ ይጀምራሉ። እትዬ ከጠረጴዛቸው ማዶ ሆነው ያዩኛል።

"ስለ ልጅቷ ጠየቅሻቸው?"

"ገና ነው እትዬ። ላማቸው መውለዷን እየነገሩኝ ነው።"

"እንኳን ማርያም ማረቻት በይና ወደ ነገሩ ግቢ። ካርዱ ሊያልቅ ነው።"

የሰማሁትን በፋይሉ ሽፋን ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። ተዳረች። አረብ አገር ሄደች። ስልኩን ሌላ ሰው ነው የያዘው። ባህር ዳር ሻይ ቤት ትሠራለች፣ አትመለስም። እትዬ በእስክሪብቶ እንዳልጽፍ ከልክለውኝ ነበር፤ ሰው ሐሳቡን ይቀይራል ይላሉ። አንዳንዷ እውነትም ሐሳቧን ቀይራ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ እትዬ ላጲስ ያቀብሉኛል። አብዛኛው ግን እንደተጻፈ ቀረ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ስጠይቅ ውዬ ማታ ወደ ተከራየሁት ክፍል ስመለስ የምናገርበት አፍ አይቀርልኝም ነበር። የግቢው ሰዎች ኮራች አሉኝ።

ከስፌት ልጆቹ አንዷ ከዳንግላ ወዲያ፣ ስልክ የሚይዘው ጉብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ከሆነ አገር ነበረች። ረዘም ያለች፣ ከሁሉ በፊት ክፍል የምትገባ ልጅ ነበረች። ቁጥሩ የአባቷ ነው። ደጋግሜ ደውዬ ሲያቅተኝ አንድ ቀን በድንገት አነሱት። ነፋስ ይሰማል። ሰላምታውን ቶሎ ቶሎ አለፍንና ትምህርቱ ሊጀመር ነው፣ ልጅዎ ትምጣ አልኳቸው።

"ሰው ይመጣል ከእኛ ቤት። አታስቡ" አሉኝ። "ቦታውን ብቻ ለሰው እንዳትሰጡብን።"

ደህና ናት ወይ ልል ስል መስመሩ ተቋረጠ። በፋይሏ ላይ ትመጣለች ብዬ ጻፍኩ።

ሌሎቹ የስፌት ልጆች መጥተው መማር ጀመሩ። እሷ አልመጣችም። ስልኩም ከዚያ በኋላ አልሠራም። ዝርዝሩ ለድርጅቱ የሚላክበት ቀን ሲቃረብ እትዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ወለሉን ልወለውል ስገባ በሩን ዝጊው አሉኝ። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ፋይል አለ። ፎቶው የእኔ ነበር፤ ዐይኔን ካሜራው ላይ ሳይሆን እግሬ ላይ የተከልኩበት ፎቶ።

"ከስፌት አንድ ሰው ይጎድላል" አሉ።

"አባቷ ትመጣለች ብለዋል።"

"ብለዋል። ከነገ ወዲያ ማታ ዝርዝሩን እልካለሁ። እስከዚያ ካልመጣች አንቺ ትገቢያለሽ። የሚኒስትሪ ውጤትሽን አየሁት፣ ደህና ነው።"

"ወለሉንስ ማን ይጠርገዋል?" አልኩ።

"እሱን ለኔ ተይው" አሉ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ በመንገዱ ዳር በረንዳ ላይ የሚሰፉትን ሰዎች እያየሁ ነበር የሄድኩት። ሁልጊዜ አያቸዋለሁ፤ ያን ቀን ግን እግራቸውን ነበር የማየው፣ የስፌት መኪናውን እንዴት እንደሚረግጡት። አንዱ ልብስ ሰፊ ምን ጠፋብሽ አለኝ። ምንም አልኩና ፈጠን ብዬ ሄድኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኮሪደሩን ስወለውል ጭቃ የያዘ ጫማ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ቀና ስል ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ፌስታል የያዘች ልጅ ቆማለች።

"የደወልሽው አንቺ ነሽ?" አሉኝ በአገውኛ። ከዳንግላ ወዲያ ያሉት አባት እንደሆኑ ድምፃቸው ነገረኝ። ባልዲውን ወደ ዳር ገፋሁት። እንኳን ደህና መጡ ብዬ ወደ መዝገብ ቤት አስገባኋቸው።

እትዬ የልጅቷን ፋይል አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። ፎቶውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ።

"ልጅቷ አጠረች እንዴ?" አሉ።

"አይ፣ እሷ አይደለችም" አሉ አባትየው በገበያ አማርኛቸው። ምንም የሚደብቁት ነገር አልነበረም። "ታናሿ ናት። ታላቅየዋን ዳርናት።"

"ታዲያ ይቺ ምን ልታደርግ መጣች?"

"ልትማር ነዋ። በእህቷ ቦታ።"

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። አባትየው አማርኛቸው እንዳልበቃ ሲያዩ ወደ አገውኛ ተመለሱና እኔ እየተቀበልኩ ለእትዬ በአማርኛ መንገር ጀመርኩ። እኛ ወንፈል የምንለው፣ በእርሻና በአጨዳ ጊዜ ተራ በተራ አንዱ የሌላው ማሳ ላይ እየሄድን የምንሠራው ሥራ አለ። አባትየው ያነሱት እሱን ነበር። "ለወንፈል ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይወጣል" አሉ። "ልጁ ቢታመም አባቱ ይሄዳል። አባቱ ቢታመም ሴት ልጁ ትሄዳለች። ያኛው ልጅህ ካልመጣ አንቀበልም የሚል የለም። ከእኔ ቤት አንድ ሰው ወስዳችሁ ነበር። አንድ ሰው ይዤ መጣሁ።"

እትዬ ይህን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። "አባቴ፣ ይህ እርሻ አይደለም። ታላቅየዋ ግማሹን ተምራለች። ይቺ ምንም አልተማረችም።"

"ግማሹ የታረሰ ማሳ ከሆነ ሌላው ሰው ከዚያው ይቀጥላል እንጂ ከዳር ይጀምራል እንዴ?" አሉ። ይህንንም ነገርኳቸው። እትዬ ሊስቁ ነበር፣ ተዉት።

ከኋላ የቆመችው ልጅ የቀሚሷን ጠርዝ ገልበጥ አድርጋ ለእትዬ አሳየቻቸው። "ይኼን እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ በእጄ። እህቴ አሳይታኝ ነው" አለች በትምህርት ቤት አማርኛ።

እትዬ ጎንበስ ብለው አዩት። "ጥሩ ነው። ግን ጠርዝ ፋይል ውስጥ አይገባም፣ የኔ ልጅ" አሉ። ከዚያ ለእኔ፣ "ንገሪያቸው። ታላቅየዋ ካልመጣች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል በያቸው።"

ነገርኳቸው።

"ተጠባባቂዋ ማን ናት?" አሉ አባትየው።

እትዬ ጥያቄው አልገባቸውም። አላውቅም ማለት እችል ነበር። "እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ምን አልሽ አሉኝ። ደግሜ "እኔ ነኝ" አልኩ።

አባትየው እጄ ላይ ያለውን መወልወያ አዩት። ሲቆጡ ግን አላየሁም። "አንቺማ ገብተሻል" አሉ። "ከቤቱ ውስጥ ነሽ። እኛ ነን ውጭ ያለነው።"

"ምን አሉ?" አሉ እትዬ።

"አንቺ ገብተሻል አሉኝ።"

እትዬ ስልካቸውን አነሱ። ከዚያ ለማሠልጠኛው ኃላፊ ደወሉ። ኃላፊው ባህር ዳር ስብሰባ ላይ ነበር፤ ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይም። እትዬ አዎ አዎ እያሉ ቆይተው ዘጉት። የተባለው ይህ ነው። ድርጅቱ የዚያን ቤት ችግር አስቀድሞ ሄዶ ስላየ፣ ከዚያው ቤት ከሆነች ለታናሽየዋ ቅድሚያ ይሰጣት። ግን ስምንተኛን ማለፏን የሚያሳየው የሚኒስትሪ ካርድ እስከ ነገ መዝጊያ ሰዓት ድረስ ይምጣ። ካልመጣ ተጠባባቂዋ ትግባ።

"ካርዷን አምጥተዋል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የእህቷ ካርድ እናንተው ጋር አለ አይደል እንዴ?" አሉ።

የራሷ እንደሚያስፈልግ ሳስረዳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ደከመ። ካርዱ ያለው ከቤታቸው ራቅ ብሎ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። ዳንግላ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ነው። ጊዜ አላጠፉም፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። ልጅቷ ልትከተላቸው ስትል ግን በእጃቸው መለሷት።

"አንቺ እዚህ ተቀመጪ። ቦታው ባዶውን እንዳይሆን" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ትደርልኝ አንቺ ዘንድ" አሉኝ። ማን እንደሆንኩ አሁን ነግሬአቸው እያለ እኔ ዘንድ ትተዋት ሄዱ። እሺ ከማለት በቀር ምን እላለሁ።

ማታ ክፍሌ ውስጥ ድንች ቀቅለን በበርበሬ ስንበላ ልጅቷ ዙሪያውን ስታይ ቆየችና፣ "አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ?" አለችኝ።

"እንዴት?"

"ዝም።"

"አዎ።"

"እህቴ ነግራኛለች። አንዲት ወለል የምትጠርግ ልጅ ነበረች፣ ሰላም ስንላት ለባልዲው ነው የምትመልሰው ብላ።"

ሳቅሁ። ልክ ነበረች።

ስለ እህቷ እያወራችኝ ቆየች። ትምህርቱ ሲቆም ታላቅየዋ ቤት ተመልሳ በቃ ሊጠሩን ነው፣ በቃ ሊጠሩን ነው ስትል ቆየች። ከዚያ እሷን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። አልዳርም ብላ ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። ቀናት አለፉ። በመጨረሻ ወጥታ ለአባቷ አንድ ነገር ነገረቻቸው፤ ቦታዬ ለታናሼ ከሆነ እሺ እላለሁ፣ አለዚያ ግን አልሄድም። አባቷ ማሉላት።

"አባቴ የማለውን አይተውም" አለች ልጅቷ። ፌስታሏን ፈትታ መቀስና የልብስ መለኪያ ሜትር አወጣች። መቀሱ ያብለጨልጫል። "በሠርጓ ጠዋት ነው የሰጠችኝ። እንዳይዝግ ቅቤ ቀብታዋለች።"

መቀሱን ተቀብዬ ከፈት ዘጋ አደረግሁት። እውነትም ለስላሳ ነበር።

"ለእኔ ካልሆነ ቦታው ላንቺ ነው አይደል?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እንግዲያው አባቴ እንዲዘገይ ትፈልጊያለሽ።"

መቀሱን ደግሜ ከፈት ዘጋ አደረግሁት።

"እኔ ብሆን እፈልግ ነበር" አለችና መቀሱን ተቀብላኝ መልሳ ጠቀለለችው። ያለችው በክፋት አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ኔትወርክ አልነበረም። ዘበኛው ከመናኸሪያ መጥቶ ከዳንግላ በኩል ሚኒባስ አልገባም አለ። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም፤ መንገዱ አንዳንድ ቀን እንደዚያ ነው። ልጅቷን መዝገብ ቤቱ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳት። እትዬ ቁራጭ ጨርቅ ሰጧትና ጠርዙን ትሰፋ ጀመር። እኔ አንድ ጊዜ የወለወልኩትን እንደገና ወለወልኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ዝርዝሩን ፊታቸው አድርገው ጠሩኝ። "አንድ መስመር ነው የቀረኝ" አሉ። "መብራትም ሊጠፋ ይችላል፣ ኢንተርኔቱም እንዲሁ። መኪናም የለም ተብሏል። አሁን ልጻፍሽና ልጨርሰው?"

የልጅቷ መርፌ ቆመ። ቀና አላለችም። ጨርቁ ላይ እንዳቀረቀረች መርፌውን ይዛ ቆየች።

"እስከ መዝጊያው እንጠብቅ" አልኩ።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። "ደግ ልጅ ነሽ" አሉ። ደግነት አልነበረም። ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቦታውን ስጡኝ ማለት አልችልም፤ እንኳን ያን፣ ሚኒባስ ውስጥ ወራጅ አለ ማለት እያቃተኝ ማረፊያዬን አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። ልጅቷ እዚያ ባትኖር ኖሮ ምን እል እንደነበር እኔም አላውቅም። አባቷ አግዳሚው ላይ ያስቀመጧት ለዚህ ኖሯል አልኩ በልቤ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጀመረ። ከመስኮቱ የግቢው በር ይታያል፤ ሥራ ፈጥሬ እየተመላለስኩ አያለሁ። እንዳይመጡ እመኝ ነበር። ከዚያ በዚያ ዝናብ የሚሄዱት ሽማግሌ ትዝ ይሉኝና መንገድ ላይ አንድ ነገር እንዳይሆኑ እሰጋለሁ። ከዚያ ደግሞ ጓዳ ተቀምጣ አልወጣም ያለችውን ታላቅየዋን አስባለሁ። ወለል ስጠርግ ሰላም ትለኝ ነበር፤ እኔ ነኝ መመለስ ያቃተኝ። ይህን ሁሉ በአንድ ልብ ይዞ መዋል ከስልኩም፣ ፋይል ከማድረቁም የባሰ አደከመኝ። መጨረሻ ላይ የሆነው ይሁን፣ ብቻ ይምሽ አልኩ።

እትዬ መስኮቱን ሊዘጉ ሲነሱ በሩ አጠገብ ከሰል የጫነ መኪና ቆመ። ከላይ፣ ከጆንያዎቹ መካከል አንድ ሰው ወረደ። እየቀረበ ሲመጣ እንኳ አልለየሁትም፤ ዝናቡና ከሰሉ ፊቱን አንድ አድርገውት ነበር። ልጅቷ ግን ጨርቁን ጥላ ተነሳች።

አባትየው በር ላይ ሲደርሱ አልገባም ብለው ቆሙ። ጋቢያቸው ጠቁሯል፣ ከጫፉ ጥቁር ውሃ ይንጠባጠባል። ከደረታቸው ውስጥ በፌስታል ላይ ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሳይፈቱት ያዙት።

"ውሃ አፍስሺልኝ ልጄ" አሉኝ። "በዚህ እጄ ከነካሁት ይቆሽሻል።"

በጆግ ውሃ አመጣሁና በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሜ አፈሰስኩላቸው። ፌስታሉን በብብታቸው ይዘው ነበር የሚታጠቡት። ከሰሉ ቶሎ አይለቅም፤ ጨመር አድርጊ አሉኝ፣ ጨመርኩ። ጣታቸውን አንድ በአንድ አሹ። ጋቢያቸው ስለቆሸሸ የሚያደርቁበት ቢያጡ የራሴን ሻርፕ ሰጠኋቸው። ከዚያ ገብተው ፌስታሉን ፈቱ። ካርዱ ደረቅ ነበር። አንዲት ጠብታ አልነካችውም።

እትዬ አነበቡት። ማኅተሙን አዩ። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው በቀረችው መስመር ላይ የልጅቷን ስም በእስክሪብቶ ጻፉ። ልጅቷ ከኋላቸው ቆማ ፊደሉን እየተከተለች በከንፈሯ ታነበው ነበር። ጽፈው ሲጨርሱ እትዬ ለአባትየው አንገታቸውን ነቀነቁላቸው፤ ይህን ማንም መተርጎም አላስፈለገውም።

አባትየው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እዚያ ቤት ከመጡ ጀምሮ ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ሌሊቱን የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ቤት ሲፈልጉ ማደራቸውን፣ ዳንግላ ሲደርሱ ሚኒባስ አጥተው ባለ ከሰሉን መለመናቸውን በአገውኛ ነገሩኝ። የነገሩኝ እንደ ዘመድ ነው። ከዚያ፣ "ታላቅየዋ ስልክ የላትም። በገበያ ቀን ሰው እልክባታለሁ" አሉ ለራሳቸው። ሲነሱ ሻርፔን አጣጥፈው መለሱልኝ፤ ክፉ አይንካሽ ብለው መረቁኝ። ልጅቷ ጉንጬን ሳመችኝና የስፌት መኪናዎቹን ላሳየው ብላ እሳቸውን እየጎተተች ወደ ስፌት ክፍል ሄደች።

መዝገብ ቤቱ ወለል ላይ ጥቁር የጫማ ዳና ከበሩ እስከ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው እስከ አግዳሚው ቀርቷል። መወልወያዬን አነሳሁ። እትዬ ዝርዝሩን በስልካቸው ፎቶ አንስተው ኔትወርኩ እስኪመጣ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው ጠበቁ። ሲሄድላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። እኔ ጎንበስ ብዬ ነበር የምወለውለው፣ ቀና ማለት አልፈለግሁም። ጠረጴዛቸው ላይ የቀረውን ፋይሌን አንስተው በእጃቸው ያዝ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ዘረጉልኝ። የተጠባባቂዎቹ ፋይል የሚቀመጠው ከሁሉ በላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው።

"እንግዲህ ወደ ቦታው መልሺው" አሉኝ። "ወንበሩ ይወዛወዛልና ስትወጪ ግድግዳውን ያዢ።"